ልጆቹ በሉ፤ ግን ምን በሉ?

ስለ ትምህርት ቤት ምገባ ሲወራ ሁሌ የሚነገረን የተማሪ ቁጥር ነው። «ይህን ያህል ሺህ ተማሪ ተመገበ» ይባላል፣ አለቀ። ሳህኑ ላይ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ብር ቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ገበያው ግን ማንንም አይጠብቅም። ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የሚቀነሰው በቆሎው አይደለም፤ ቦሎቄው፣ ዘይቱና አትክልቱ ነው። ድስቱ እንደሞላ ነው፣ ልጁም ይጠግባል። የጎደለው ፕሮቲን፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ግን በዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው።

የሚገርመው ደግሞ ጋሞ ዞን እነዚህን ምግቦች ከሩቅ አያስመጣም። አባያና ጫሞ ዓሣ አላቸው። ከኩርኩፋ ጋር የምንበላው ሽፈራው በየጓሮው አለ፤ ቅጠሉ በብረትና በካልሲየም የታወቀ ነው። ሙዛችንማ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ታዲያ ጥቂቱ እዚሁ አርባ ምንጭ ትምህርት ቤት በር ላይ ቢወርድ ምን ይከለክለዋል?

ኢኮኖሚክስ እንደተማረ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ የግዥ ሥርዓቱ። መንግሥት ደረሰኝ ይፈልጋል፣ ክፍያውም ጊዜ ይወስዳል። ሽፈራው የምትሸጥ እናት ደረሰኝ የላትም፣ ወር መጠበቅም አትችልም። መጠበቅ የሚችለው ነጋዴ ነው፤ እሱን የሚያዋጣው ደግሞ መጋዘን ውስጥ የማይበላሽ እህል ነው። በቃ፣ ልጁ የሚበላውን የሚወስነው የሥነ ምግብ ባለሙያው ሳይሆን የክፍያው ቀን ይሆናል ማለት ነው።

ከአካባቢ ገበሬ ገዝቶ መመገብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ደቡብ ክልልና በኦሮሚያ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሯል። ብራዚል ደግሞ በ2009 ባወጣችው ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች እንዲገዛበት አስገድዳለች።

እኛስ? ትምህርት ቤቶች ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር የሴሚስተር ውል ይግቡ፣ ከፊሉ ክፍያ በቅድሚያ ይሰጥ። ደረሰኙን ማኅበሩ ይቁረጥ፣ ለአባሉ በየሳምንቱ ይክፈል። የቀን ተመኑም በየሴሚስተሩ ከገበያው ጋር ይከለስ። ዓሣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ለትንንሾቹ እሾሁም ያሰጋል፤ ስለዚህ ከሽፈራውና ከቦሎቄ እንጀምር። ይሄም ቢሆን ተጨማሪ ብር ይጠይቃል፤ ጠግቦ ያልተመገበ ልጅ ግን ነገ ከዚህ በላይ ያስከፍለናል።

በሚቀጥለው ሪፖርት ከተማሪው ቁጥር ጎን የሳምንቱ ምግብ ዝርዝርም ይጻፍልን። የሠፈራችሁን ትምህርት ቤት እናንተም ጠይቁ፤ መጠየቅ ብር አያስወጣም።