"ዲ ድራይቭ ላይ አለ" ማለት ተርፏል ማለት አይደለም

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ከተሞች ደመራ በለኮሱበት ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ በተነሳ እሳት ተያያዘ። ጂ-ድራይቭ የተባለው የመንግሥት ሠራተኞች የሰነድ ማስቀመጫ ከነያዘው 858 ቴራባይት መረጃ ወደመ። መጠኑ በጣም ትልቅ ነው በሚል ምክንያት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ ስሟ የገነነ አገር የሠራተኞቿን የዓመታት ሥራ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አጣች።

ወሬው ከወልቂጤና ከእምድብር ቤቶች የራቀ ይመስላል። አይደለም። ዛሬ የአንድ ቤት ላፕቶፕ የሰርግ ፎቶ፣ የዕድር መዝገብ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ በቸሃኛ የሚተርኩ የአያት ድምፅ አለበት። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ቸሃኛ በጽሑፍ ያለው ሀብት ጥቂት ነው። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃኛ የጻፈውን ልቦለድ እንኳ ዓለም ያወቀው ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት በ1964 እ.ኤ.አ. ሲታተም ነው። የጠፋ ሒሳብ ተደክሞ እንደገና ይሠራል፤ ያረፉ አያት ግን ዳግም አይቀዱም።

መረጃ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በግዴለሽነት ሳይሆን "አስቀምጫለሁ" በሚል የተሳሳተ እምነት ነው።

አንደኛው እምነት ዲ ድራይቭ ነው። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያደርግ ሲ ጠፍቶ ዲ ስለሚተርፍ፣ ብዙ ሰው ዲን እንደ ካዝና ያየዋል። በአብዛኛው ላፕቶፕ ግን ሲና ዲ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ ከተቃጠለ፣ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው "ካት" ነው። ፋይሉን ቆርጦ ፍላሽ ላይ ያሳረፈ ሰው ቦታ ቀየረ እንጂ ቅጂ አላበዛም። ያችው ፍላሽ በማግስቱ ቫይረስ ሲይዛት ወይም ታክሲ ውስጥ ስትወድቅ ነገሩ ያበቃል።

ሦስተኛው ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ኤክስተርናል ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል።

አራተኛው "ቴሌግራም ላይ አለ" የሚለው ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ጥራቱን ይቀንሳል፤ ለወራት ያልተከፈተ አካውንት ይሰረዛል፤ ሲም ካርዱ ከጠፋ መግቢያው ይቸግራል። ጎግልም ለሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል። ኢንተርኔቱ ራሱም ዋስትና የለውም፤ በሰኔ 2012 መጨረሻ ተቋርጦ ለሳምንታት የቆየበት ጊዜ አይረሳም። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

የቸሃ ገበሬ ይህን ነገር ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። እንሰቱ በተለያየ ዕድሜ በጓሮ ቆሟል፤ የተፋቀው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ቤተሰቡን ያሻግራል። የመረጃ ባለሙያዎች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

"ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለብዙ ቤት ውድ ነው። ግን ሁሉም ነገር አይገለበጥም። ፊልምና ሙዚቃ ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል። የማይተካው፣ ማለትም ሰነዱ፣ የተመረጠው ፎቶና የአያት ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ በአንዲት 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይገባል። ሁለት ፍላሽ ከአንድ ኤክስተርናል ይረክሳል፤ ለሁለት ቤትም ይበቃል።

ከቤት ውጭ ለሚቀመጠው ቅጂ ደግሞ ጉራጌ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። በየዓመቱ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ይገባል። ክትፎው ቅቤ በሚጫንበት ሻንጣ ውስጥ አንዲት ፍላሽ ብትጨመር፣ የአዲስ አበባው ቤት ቅጂ ቸሃ ይቀመጣል፣ የቸሃው ቤት ቅጂ አዲስ አበባ። በዓመቱ አሮጌው በአዲስ ይተካል። ምስጢር የሆነው ሰነድ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ቃሉንም ከቤተሰብ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ፍላሿ በሌላ ኮምፒውተር ትሰካ፣ አንድ ፎቶ ይከፈት፣ የአያት ድምፅ እስከ መጨረሻው ይደመጥ።

ለዚህ መስቀልን መጠበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬ ማታ፣ መብራት ሳይሄድ፣ ሊገለበጥ ይችላል።