ከእንጨት የተማሩ ጠራቢዎች



በግእዝ ወንጌል አረጋዊው ዮሴፍ «ጸራቢ» ይባላል። ቃሉ «ጠረበ» ከሚለው አማርኛችን ጋር ሥሩ አንድ ነው። ዛሬ የጠራቢነትን ጥበብ አጥተው እንደ ገና ስለ ፈለጉ ሰዎች እንነጋገር።

በስዊድን አገር በቨርምላንድ ውስጥ ሶድራ ሮዳ በሚባል ስፍራ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከተጠረበ ግንድ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1323 እና በ1494 የተሣሉ ሥዕሎችም ነበሩበት። ይህ ሁሉ በኖቬምበር 2001 ሰው በለኮሰው እሳት ዐመድ ሆነ።

ኀዘኑ ግን በልቅሶ ብቻ አልቀረም። በ2007 በዚያው ቦታ ሕንፃውን በጥንቱ ዓይነት የእጅ መሣሪያ መልሶ ማነጽ ተጀመረ። ችግሩ፥ የጥንቶቹ ጠራቢዎች ስልት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ካቆመ ብዙ ዘመን ስላለፈው፥ የሚያስተምር ሽማግሌ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ እንጨቱ ራሱ መምህር ሆነ። በስዊድንና በኖርዌይ ያሉ ባለሙያዎች ወደ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ውስጥ ወጥተው፥ የመጥረቢያው ስለት በወራጆቹ ላይ የተወውን ምልክት መረመሩ። ምልክቱ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው። ከዚህ ተነሥተው የመጥረቢያውን ቅርጽ፥ የጠራቢውን አቋቋም፥ የምቱን አቅጣጫ ገመቱ። ጠርበውም ሥራቸውን ከጥንቱ ጋር አስተያዩ፤ ሳይመስል ሲቀር ደግመው ሞከሩ።

ግንዱ የሚጠረበው ሳይደርቅ፥ እርጥብ ሳለ ነው። አስቀድሞ በተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርበታል። ከዚያ ጠራቢው እስከ መስመሩ ድረስ በየመካከሉ እየቆረጠ ያስገባል፤ በቁርጦቹ መካከል የቀረውንም ፈልጦ ይጥላል። በመጨረሻ የግንዱን ርዝመት ተከትሎ ስለቱን በሰያፍ እያሳረፈ ፊቱን ያስተካክላል። የዓሣው አጥንት የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

እኔ በማስተምርበት ክፍል፥ «የተማረ ሰው በእጁ አይሠራም» የሚል አሳብ በልጆች ልብ ሲያድር እመለከታለሁ። ወላጆች ሆይ፥ እነዚያ ሰዎች ከዝምተኛ እንጨት በብዙ ድካም የለቀሙትን፥ ሕያው መምህር ቢኖር እጃቸውን ይዞ ባሳያቸው ነበር። በቤታችሁ ጠራቢ፥ ሸማኔ፥ ወይም እንዝርት የምታሾር አያት ካለች፥ እጃቸው ሳይዝል ልጃችሁን አጠገባቸው አስቀምጡ።

ባስልኤልን ለደብተራ ኦሪት ሥራ በጥበብ የሞላ አምላክ፥ ለልጆቻችንም የሚሠራ እጅ ይስጥልን። አሜን።