የርእሰ መምህሩ ቦታ በክፍል ውስጥ ነው

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚያገለግሉ መምህራን፣ ከርእሳነ መምህራንና ከሱፐርቫይዘሮች ጋር በየጊዜው በምናደርገው ንግግር፣ ስለ ደመወዝ ማነስ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረትና ስለ ክፍል መጣበብ ከሚሰማው፣ እውነትነቱም ከማይካደው ብሶት ሌላ፣ ሳይመካከሩ ሁሉም የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱን እንዲመራ የተሾመው ሰው ከማስተማሩ ሥራ እየራቀ ሄዶ፣ የበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ተቀባይና ሪፖርት አቅራቢ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ይህንኑ መምህሩ በቅሬታ፣ ርእሰ መምህሩ ራሱ ደግሞ በጸጸት ይናገረዋል። ይህ ጋዜጣ ነገሩን ከመረመረ በኋላ የደረሰበት አቋም፣ የአንደኛ ደረጃ ርእሰ መምህር ቀዳሚ ግዴታ በክፍል ውስጥ ተገኝቶ ሕፃናቱ ማንበብና ማስላት መቻላቸውን በዓይኑ ማረጋገጥ፣ መምህሩንም በሙያው መርዳት መሆኑን፣ ሌላውም ተግባር ሁሉ፣ የቱንም ያህል አስፈላጊ ቢሆን፣ ከዚህ በኋላ ሊመጣ የሚገባው መሆኑን ማስታወቅ ነው።

የነገሩን ክብደት ለመገንዘብ ሁለት ማስረጃዎችን አቀራርቦ ማየት ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በ6 ቋንቋዎች በተፈተነ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን፣ ክፍል ሳይደግም ቢዘልቅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚደርሰው በ2014 ዓ.ም. ነበር፤ የዚያን ዓመት ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩም ዓመት ቁጥሩ ወደ 3.2 ወረደ። ሕዝቡ በዚህ ውጤት ሲደነግጥ ጣቱን የቀሰረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በፈተናው አሰጣጥና በወጣቱ ስንፍና ላይ ነበር፤ ውድቀቱም ብዙ ምክንያት እንዳለው አንክድም። ነገር ግን በሁለተኛ ክፍል ፊደል ሳይለይ ያለፈ ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገረው በዕድሜው እንጂ በዕውቀቱ እንዳልሆነ፣ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚሰጠውም ፈተና የዱሮውን ጉድለት ከመግለጥ በቀር አዲስ ጉድለት እንዳልፈጠረ፣ የታችኛውን ክፍል መምህር የጠየቀ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

ወደ አንድ አንደኛ ክፍል ገብቶ በኋለኛው ዴስክ ላይ ለተቀመጠ ሰው ምሥጢሩ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አይሰወርበትም። መምህርቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ዐጭር ምንባብ ጽፋ፣ በቀጭን እንጨት እየጠቆመች ስታነብ፣ ስድሳ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ድምፅ ይከተሏታል፤ ድምፁም ከግቢው ውጭ ስለሚሰማ፣ በመስኮት በኩል የሚያልፍ ሹም «ትምህርቱ ደኅና ነው» ብሎ ተደስቶ ይሄዳል። ዳሩ ግን ከልጆቹ አንዱን አስነሥተው፣ ከዐረፍተ ነገሩ መካከል አንዲቱን ቃል ብቻ ጠቁመው «ይህችን አንብባት» ቢሉት፣ ልጁ ዓይኑን ወደ ሰሌዳው በመመለስ ፈንታ ወደ ጣራው አንሥቶ፣ ምንባቡን ከመጀመሪያው አንሥቶ በቃሉ እየወረደ እስከዚያች ቃል ለመድረስ ይሞክራል፤ መካከል ላይ ቢያቋርጡት ግን መንገዱ ይጠፋበታል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም የማስታወስ ችሎታው የሚያስደንቅ ነው፤ ማንበብ ግን አልተማረም፤ አለመማሩንም ከዚያች መምህርት በቀር የሚያውቅ ሰው በትምህርት ቤቱ ውስጥ የለም፤ እርሷም ብታውቅ ከስድሳው አንዱን ለብቻው የምታስነብብበትን ዘዴ የሚያማክራት አላገኘችም።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ሕፃኑ ሀ ሁ ሂ ብሎ የፊደሉን ተራ ከዘለቀ በኋላ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ወደሚለው ተራ እንዲሻገር መደረጉ፣ ዜማውን ተከትሎ በቃሉ ያጠናው ልጅ ቅርጹን ለይቶ ማወቁ እንዲፈተንበት ይረዳ ነበር፤ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ወደ ዳዊት የሚተላለፈው እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን በየኔታ ፊት፣ ወይም የኔታ ባዘዙት ከፍ ያለ ተማሪ ፊት ቀርቦ፣ ጣቱን ከፊደሉ ላይ ሳያነሣ ካነበበ በኋላ ነበር። በዜማ ቤትም ሆነ በቅኔ ቤት ጉባኤውን የሚመራው ራሱ የሚያስተምረው ሊቅ ነበረ እንጂ፣ ከማስተማር ተለይቶ ደቀ መዛሙርትን በመቁጠር የሚውል አለቃ አልነበረም። ይህን ማንሣታችን የአለንጋውን ዘመን ለመመለስ ወይም የአሁኑን ሥርዓተ ትምህርት ለማቃለል አይደለም፤ መምራትና ማስተማር ተለያይተው እንዳይቆሙ የሚያዝዘው ልማድ ከውጭ የምንበደረው ሳይሆን ከቤታችን ያለ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

የዛሬው ርእሰ መምህር ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ በከተማም በገጠርም ተመሳሳይ ነው። ሰልፍ ሳይበተን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስልክ ይደወልለታል፤ ከረፋዱ በፊት የሚላክ የተማሪ ቁጥር በጾታና በዕድሜ ተለይቶ ይፈለጋል፤ ወዲያው ደግሞ ስብሰባ ይጠራል፤ ከስብሰባው ሲመለስ የተሰበረ ዴስክ፣ የተቋረጠ ውኃ፣ መዋጮ ያልከፈለ ወላጅ፣ ሳያስፈቅድ የቀረ መምህርና ያለ አስተማሪ በክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ይጠብቁታል። ወደ ክፍል የሚገባው ለምልከታ ቅጽ መሙያ ጊዜ ሲደርስ ነው፤ በዚያም ዕለት ዕቅድ መኖሩን፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ መሰቀሉን፣ ሰዓት መከበሩን እያየ ምልክት ያደርጋል፤ በመጨረሻም «የጊዜ አጠቃቀም ይሻሻል» ብሎ ጽፎ ይወጣል። መምህሩም ይህ ምልከታ ከሥራ አፈጻጸም ነጥቡና ከደረጃ ዕድገቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ለዚያ ቀን የሚሆን ትምህርት ቀደም ብሎ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ችግሩንም ይሸሽጋል። እንዲህ ከሆነ ታዛቢውም የሚታዘበውም እውነቱን ሳይነጋገሩ ይለያያሉ።

ስለ ትምህርት ቤት አመራር ደንብና መመሪያ አጥተን አናውቅም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ከአራቱ ዐበይት ርእሶቹ አንዱን ለአመራር ሰጥቶታል፤ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የተባለውም ሥርዓት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሳድግ ያዝዛል፤ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው ልምድ እንዲለዋወጡ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሲወርድ ግን ሥራው ማኅደር መሙላት ሆነ። ስድሳው ሰዓት መሞላቱ የሚታወቀው በመምህሩ ማኅደር ውስጥ በተጠረዘው ወረቀት ውፍረት እንጂ፣ ባለፈው መስከረም ያላነበበው ልጅ ዘንድሮ በማንበቡ አይደለም።

ከመምህሩ ጋር ሳይነጋገሩ ስለ መምህሩ መወሰን የሚያስከትለውንም ታሪካችን ያስተምረናል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ የገጠሩን ሕፃን ሁሉ በዐጭር ጊዜ ለመድረስ የሚሻ ቁም ነገር ነበረበት፤ ነገር ግን ይዘቱ ለሕዝብና ለመምህራን ዘግይቶ ስለ ተገለጠ፣ የተገለጠውም በጥርጣሬ ስለ ተነበበ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጥናት ሆነ፤ መንግሥትም ለማቆየት ተገደደ። ከዚያ ወዲህ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. የተሻሻለውም አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ ክፍል ወስኖታል። ፖሊሲ ሲለወጥ ግን በአንደኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት የቆመውን ሰው ማን ጠየቀው?

ሐሳባችንን የሚቃወሙ ሰዎች፣ በደመወዙ ወር መድረስ ያቃተውን መምህርና ስልሳና ሰባ ልጅ የተጫነበትን ክፍል ትቶ ስለ ርእሰ መምህር መናገር ዋናውን ነገር መሸሽ ነው ይሉናል። ደመወዙ እንዲሻሻል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከ50 ተማሪ እንዳይበልጥ የተደነገገውም መለኪያ እንዲከበር እኛም እንጠይቃለን፤ መንግሥትም በዚህ በኩል ምክንያት ሊያበዛ አይገባውም። ይሁን እንጂ ርእሰ መምህሩን ከስብሰባ አዳራሽ አውጥቶ ወደ ክፍል መመለስ ብዙ ብር አይጠይቅም፤ ስለዚህም በጀት እስኪገኝ ድረስ ሊዘገይ የሚገባው ነገር አይደለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከጠዋቱ ሰልፍ እስከ ረፋዱ ዕረፍት ድረስ ርእሰ መምህሩን በስብሰባም ሆነ በሪፖርት እንዳይጠሩት ይወሰን፤ ለሪፖርቱም በየትምህርት ቤቱ የሚጽፍ ሠራተኛ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ለአንደኛ ደረጃ ርእሰ መምህርነት የሚሾም ሰው በታችኛው ክፍል ማስተማሩና ማስነበቡ ይመስከርለት እንጂ፣ በሌላ ታማኝነት አይመዘን፤ በእነዚያ ክፍሎች የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ የሚመሯቸው በአብዛኛው ወንዶች የሆኑበትም ምክንያት ይመርመር። ሦስተኛ፣ አንደኛ ክፍል ለጀማሪና ለደከመው መምህር የሚጣል ቦታ መሆኑ ቀርቶ፣ በሙያው የተመሰከረለት ከፍተኛ መምህር የሚመደብበት የክብር ቦታ ይሁን። አራተኛ፣ ለመርዳት የሚደረገው የክፍል ጉብኝት ለምዘና ከሚደረገው ይለይ፤ መምህሩ «ይህን ማስተማር አቃተኝ» ለማለት የማይፈራበት ሳምንታዊ ጉባኤ ይኑር፤ በዚያም ጉባኤ የሚነሣው ነገር ስለ ልጆቹ ንባብ እንጂ ከላይ የወረደ ሰርኩላር አይሁን። አምስተኛ፣ ሱፐርቫይዘሩም ቢሆን ቅጽ ይዞ ከመምጣት ይልቅ ጠመኔ ይዞ ቆሞ፣ መምህራን እያዩት አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ያሳይ።

ወላጆችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። በወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ የሚነሣው ክርክር ተገቢ ቢሆንም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ርእሰ መምህሩን «ልጄ ያነባልን?» ብላችሁ ጠይቁት። ማኅደር ሳያገላብጥ፣ መምህሩን ሳያስጠራ፣ ልጁን በስሙ አውቆ የሚመልስላችሁ ርእሰ መምህር በክፍል ውስጥ የሚውል ብቻ ነው፤ ሌላው በአስተዳደር ሥራ የቱንም ያህል ቢደክም፣ ትምህርት ቤቱን እየመራ ነው ለማለት አንደፍርም።