ተከላካዩን ስንመዝን

በቅርቡ ከምናስተምራቸው ወጣቶች ሁለቱ ስለ ሃሪ ማጓየር ሲከራከሩ ሰማን። አንዱ «ግድግዳ ነው» አለ፤ ሌላው «መሳቂያ ነው» አለ። ሁለቱም ሚዛኑን አጋደሉት።

እስቲ በፍትህ እንመዝን። ሰውየው በቴስታ ብርቱ ነው፤ ኳስ ይዞም ከኋላ ይወጣል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ ማንቸስተር ዩናይትድ ሊዮንን 5 ለ 4 የረታው በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ እርሱ በቴስታ ባስቆጠራት ጎል ነው። ድክመቱስ? ሲዞር ይዘገያል፤ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ካለ ፈጣን አጥቂ ያመልጠዋል። ይህንንም ቢሆን የመከላከል መስመሩ ወደ ፊት ገፍቶ ሲቆምና አማካዮቹ ሳይሸፍኑት ሲቀሩ ነው የሚያባብሰው። በ2019 እ.ኤ.አ 80 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለው ክለቡ ነው፤ ተመልካቹ ግን ስህተቱን ሁሉ በዚያ ዋጋ አባዛው።

ሱረቱል ማኢዳ በ8ኛው አንቀጹ ጥላቻ ከፍትህ እንዳያወጣን ያስጠነቅቃል። ስለማያውቀው ተጫዋች ሲያወራ ፍትህን የጣለ ወጣት ነገ በጎረቤቱ ላይ እንዴት ይመሰክራል? ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ጨዋታውን ይተቹ፤ በሰውየው ግን አይሳለቁ። ድክመቱን የተናገረ ብርታቱንም ይናገር።

አላህ ፍትሃዊ ምላስ ይስጠን። አሚን!