ቤት ከመግዛት በፊት ውሃውን መመርመር

ከእርሻ ባገኙት ገንዘብ ሐረር ከተማ ውስጥ የሚከራይ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ገበሬዎች አሉ። ሐሳቡ አይነቀፍም፤ ነገር ግን የሚመረመረው ግድግዳውና ቆርቆሮው እንጂ ቧንቧው አይደለም። ለከተማዋ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በደለል መሞላትና ለጫትና ለአትክልት በሚሳበው ውሃ ብዛት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መድረቁ ይታወሳል። ከዚህም የተነሣ ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ የከርሰ ምድር ውሃ ለመጠቀም ተገዳለች። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። በቅርብ ዓመታት ወደ ሐይቁ ውሃ መመለሱም ሊያዘናጋ አይገባም። በጀሪካን ውሃ እየገዛ የሚኖር ተከራይ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለውል ምስክርነት ሲጠሩ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ሳይጠየቅ መፈረም የለባቸውም። ሻጩን መጠየቅማ ትርፉ ድካም ነው። ቤቱ የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያ ከሌለውም ማሠሪያው ከዋጋው ይቀነስ።