ቦዝ አንቀጽና የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በትምህርት ቤቶቻችን ስለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያለኝን አሳብ በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ሰሞኑን ደብተሩን ይዞ ቀረበኝና «አባባ፣ የዚህ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የጻፈው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በቀይ ቀለም ተሠርዟል፤ ምክንያቱ ግን አልተገለጸም። እኔም «ነጠላ ዓረፍተ ነገር ማለት ምን ማለት ነው? ድርብስ?» ብዬ ብጠይቀው የሁለቱንም ፍቺ እንደ ዳዊት ደገመልኝ። ፍቺውን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን መሥራት ስለ ምን አቃተው?

ልጁ ሊጽፍ ያሰበው «ወንድሜ መጥቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ጥቂት ዐርፎ ሄደ» የሚለውን ነበር። ያሰፈረው ግን «ማይ ብራዘር ካሚንግ፣ ኢቲንግ ለንች፣ ሬስቲንግ፣ ሌፍት» የሚል ነው። ይህ የስንፍና ስሕተት አይደለም፤ አማርኛውን በታማኝነት ከመከተል የመጣ ነው። መጥቶ፣ በልቶ፣ ዐርፎ የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ብቻቸውን አይቆሙም፤ «ሄደ» የሚለው ማሠሪያ አንቀጽ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በዚህ ዐይነት ዐሥር ድርጊት ብንደረድር እንኳ አንድ ማሠሪያ ይበቃናል። እንግሊዝኛ ግን ይህን የመሰለውን ነገር ሲተርክ ግሦቹን ሁሉ በእኩልነት በኀላፊ ጊዜ ያቆማቸውና ከመጨረሻው ፊት መስተጻምር ያገባል፤ «ማይ ብራዘር ኬም፣ ኤት ለንች፣ ሬስትድ ኤንድ ሌፍት» ይላል።

እንግዲህ ይህ ዓረፍተ ነገር አራት ግሥ ይዞ ሳለ ነጠላ ነው፤ አራቱም ግሦች የአንድ ባለቤት ናቸውና። በአንጻሩ «አይ ኮልድ ሂም፣ በት ሂ ሌፍት» የሚለው አጭር ቢሆንም ድርብ ነው። «በት» ከሚለው መስተጻምር በግራም በቀኝም ባለቤትና ግሥ አለ፤ መስተጻምሩ ቢነሣ ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። ስለዚህ ነጠላውን ከድርቡ የሚለየው ርዝመት አይደለም። ብዙ ተማሪዎች ግን ረጅሙን ሁሉ ድርብ፣ አጭሩን ሁሉ ነጠላ እያሉ ይሳሳታሉ።

ሌላም እንቅፋት አለ። በአማርኛ «ጠራሁት» ስንል ጠሪውም ተጠሪውም በአንዲት ቃል ውስጥ ተሸሽገዋል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ተለይቶ እንዲጻፍ ያስገድዳል። «ይዘንባል» ማለት የለመደ ልጅ «ኢት» የሚለውን ትቶ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም። «ወንድሜ ሄደ፤ እኅቴ ግን ቀረች» ስንልም «ግን» ከባለቤቱ በኋላ ይመጣል፤ የእንግሊዝኛው «በት» ግን ከሁለተኛው ባለቤት ፊት ይቆማል። ደግሞም በእንግሊዝኛ ሥርዐት ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በነጠላ ሰረዝ ብቻ አይጋጠሙም፤ ወይ መስተጻምር፣ ወይ ድርብ ሰረዝ፣ ወይ አራት ነጥብን የሚተካው ነጥብ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች «እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ መማር አለበት» ይላሉ። ጆሮና አንደበት እንዲለምዱ ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ልጁ በልቡ የሚያስበው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የሚያሳየው ካጣ ስሕተቱን ይዞት ያድጋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሥሩ ያለው በቋንቋዎቹ አሠራር ላይ ነው። ይህንም የምለው ስለ አማርኛ ብቻ አይደለም፤ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሶማሊኛም ግሡን ወደ መጨረሻ የሚያሳድሩ ናቸውና መምህሩ በየአገሩ የልጆቹን ቋንቋ መነሻ ሊያደርግ ይችላል።

የአማርኛውን አሠራር ለማወቅ ለሚሻ መምህር የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስና የባየ ይማም የሰዋስው መጻሕፍት አሉለት። በሰሌዳው ግማሽ ላይ አማርኛውን፣ በሌላው ግማሽ እንግሊዝኛውን ጽፎ «ባለቤቱ የቱ ነው? ግሡስ? ማን ከማን ጋር ተጋጠመ?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ፍቺ ከማስጠናት ይበልጣል። የተማሪው ብዛት መምህሩን እንደሚያደክመው አውቃለሁ፤ የሁሉን ደብተር አንድ በአንድ ማረምም ቀላል አይደለም። ሆኖም ተደጋግሞ የሚታየውን አንዱን ስሕተት ለሁሉም በሰሌዳ ቢያስረዳ ድካሙ ይቀልለታል።

ነገሩ የእንግሊዝኛ ውጤት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል፤ ዛሬም ልጆቻችን ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያነቡት በዚሁ ቋንቋ ነው። ባለቤቱንና ግሡን መለየት ያቃተው ልጅ የፊዚክስ ጥያቄ ሲቀርብለት ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄውን ሊስት ይችላል። ያን ጊዜ «ሰነፍ» የምንለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ መንገዱን ያላሳየነው ነው።

ለልጄም ቀዩን ሥርዝ ካስረዳሁት በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ አቃናው። የፈጀብን ጊዜ አንድ ሲኒ ቡና ከመጠጣት አይበልጥም ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የተማሪ አባት
ከደብረ ብርሃን