ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ኪራይ ፊልም ያለኝ አስተያየት

ዘንድሮ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት በተሰጠን ዕለት አባቴ ካርዴን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ቀና ሲሉ የተመለከቱት ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥኑ ነበር። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ ቤት መውጣት አለባችሁ፤ አንተ ልጄ ስለ ሆንህ የሚወጣው እርሱ ነው» አሉ። እናቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በሒሳብ ያገኘሁት ከ100 41 ነበርና።

አባቴ ያሉትን እስካሁን አላደረጉትም። ነገር ግን ለቴሌቪዥኑ የምከራከር ከሆነ ክርክሬን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለናንተ ለጓደኞቼና ለመምህራኖቼ የቀረበ አስተያየት ሲሆን፣ ለእርሳቸው ደግሞ መልስ ነው። ሐሳቤም አጭር ነው፤ ይኸውም ጥፋቱ ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን፣ የምናየውን ሳንመርጥ፣ የመረጥነውንም ዋጋ ሳንከፍል መመልከታችን ላይ ነው።

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር መፍራት የቆየ ልማድ ነው። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ መሣሪያውም የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ ነበር። አያቴ እንደሚያጫውቱን ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ዘንድ ገብቶ ለማየት ጫማ አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፅን አጥፍቶ መኖር ያስፈልግ ነበር። «ባለቤቲቱ ከዘጋችው እንነሣለን፤ ቅር የሚለው የለም» ይላሉ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ማየት እንግድነት ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ግን እንግዳው እርሱ መሆኑ ቀርቶ፣ የቤቱ ጌታ ሆኖ ተቀምጧል።

ጥቅሙን አልክድም። በ«ሰው ለሰው» ድራማ ጊዜ የሰፈራችን ሰው በሳምንት አንድ ቀን የምታልፈውን ክፍል አይቶ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ስለ ክፉውና ስለ ደጉ ይከራከር እንደ ነበር ታላቅ እህቴ ትነግረኛለች። እንዲህ ያለው ድራማ ሰውን ያነጋግራል እንጂ ዝም አያሰኝም። ይህችው እህቴ በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መተላለፍ በጀመረውና ተማሪው ሁሉ «ፕላዝማ» በሚለው ትምህርት የተማረች ናት። መምህሩ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ይሮጣል፤ ጽፈን ሳንጨርስ ሥዕሉ ይለወጣል፤ እጅ ብናወጣም አያየንም ትላለች። እኔ ከዚህ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ቴሌቪዥን ያለውን ይሰጣል እንጂ የሚቀበለውን አይጠብቅም። እንግዲያስ መጠንቀቅ ያለብን እኛ ነን።

ይህን በራሴ ላይ ለመመርመር ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ያየሁትን ሁሉ በደብተሬ ጀርባ መዘገብሁ። በድምሩ 23 ሰዓት ሆነ። ከዚህ ውስጥ «ይህን አያለሁ» ብዬ አስቤ የተቀመጥሁበት አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያና አንድ ፊልም፣ ማለት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው 19 ሰዓት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ስላገኘሁት ያየሁት ነው። ሒሳብ የወደቅሁት በፊልሙ ወይም በኳሱ አይደለም፤ በ19ኙ ሰዓት ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። እኔ የሌላ አገር ድራማ በቋንቋችን መቅረቡን አልነቅፍም፤ የእናት ኀዘንና የወንድም ቅናት በየትም አገር አንድ ነውና። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። በየትኛውም ጣቢያ ቢሆን በየማታው የሚቀጥል ድራማ ምሥጢሩ ሊገለጥ ሲል ያበቃል፤ ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ታናሽ እህቴ እራቷን በጉርሻ የምትበላው ዓይንዋን ከሥዕሉ ላይ ሳትነቅል ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ መልካሙ ድራማ እንኳ ልክ ካጣ ጉዳት ይሆናል።

ልክ የነበረው ዘመን እንደ ነበረ የተረዳሁት ከአባቴ አፍ ነው። በወጣትነታቸው ፊልም በካሴት ይከራይ ነበር። አራት ጓደኛሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ ከአንዱ ቤት፣ ዴኩ ከሌላው ቤት ይመጣል። ከአከራዩ ሱቅ ገብተው የቱን እንውሰድ በማለት ረዥም ጊዜ ይከራከራሉ፤ ገንዘባቸው የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነውና። አከራዩ መታወቂያ ያስይዛል። ካሴቱ በማግሥቱ በሰዓቱ ካልተመለሰ፣ ወደ መጀመሪያውም ካልተጠነጠነ፣ ቅጣት አለው። ስለዚህ ፊልሙን በአንድነት ተሰብስበው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዩታል፤ ያልገባቸውን ስፍራ መልሰው ያዩታል፤ ሌሊቱም ሳይነጋ ይጨዋወቱበታል።

ከዚህ ልማድ ሦስት መልካም ነገሮች አያለሁ። አንደኛ፣ ምርጫ ነበር። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ነበር። ሦስተኛ፣ ክፍያ ነበር። ይሁንና ሦስተኛው ጎዶሎ መሆኑን አባቴ ራሳቸው አልሸሸጉኝም፤ ከነዚያ ካሴቶች ብዙዎቹ ከሌላ ካሴት የተቀዱ ስለ ነበሩ ገንዘቡ ከአከራዩ አልፎ ለፊልሙ ባለቤት አይደርስም ነበር።

ካሴት ማከራየት በውጭ አገርም አልፏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው ብሎክበስተር የተባለው ኩባንያ በ2004 ከ9,000 በላይ ሱቆች ነበሩት፤ በ2010 ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለፍርድ ቤት አመለከተ። ኔትፍሊክስም በ1998 ሥራ ሲጀምር ፊልም በፖስታ የሚያከራይ ነበር፤ በ2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ በ2023 የፖስታውን ሥራ ፈጽሞ ዘጋ። በዚያ ግን የተለወጠው መንገዱ ነው፤ ተመልካቹ ዛሬም ይከፍላል። በኛ ዘንድ ግን ካሴቱ ሲቀር ምርጫውም ክፍያውም አብረው ቀሩ።

ይህን ስል በሌላው ለመፍረድ አይደለም። ባለፈው ክረምት እኔ ራሴ ፊልም ከሚጭን አንድ ሱቅ ገብቼ ፍላሽ አስሞላሁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 30 ፊልም ተጫነልኝ። ከ30ው እስከ መጨረሻው ያየሁት 4 ብቻ ነው፤ ሌላውን አሥር አሥር ደቂቃ እየቀመስሁ ተውሁት። ከነዚህም አንዱ በሲኒማ ቤት ገና በመታየት ላይ የነበረ የአገራችን ፊልም ነበር። አዳራሽ ውስጥ በስልክ ተሠርቆ የተቀረጸ ስለ ሆነ የሰዎች ራስ በሥዕሉ ፊት ያልፋል፤ የተመልካች ሳልም ይሰማል። እኔና ጓደኞቼ በዚህ እየሳቅን አየነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ በፊልም ሥራ ላይ መብራት በማዘጋጀት ለሚተዳደር አንድ ጎረቤታችን ስለዚሁ ፊልም አወራሁለት። እርሱም ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «እኔ ሠርቼበታለሁ፤ ግማሹ ደመወዜ ከሲኒማ ቤት ገቢ ሲገባ ይከፈልሃል ተብሎ ነበር፤ ገቢው ግን አልመጣም» አለኝ። ከዚያም አልተቆጣኝም፤ «ለመሆኑ የሌሊቱ ትዕይንት ፊታቸው በደንብ ይታይ ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እኔ ግን ምንም ሳይታየኝ በሳቅ ያሳለፍሁት ያንኑ ትዕይንት ነበር። የምመልሰውን አጣሁ።

አገራችን ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አላት፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። ነገር ግን በየሰዉ ኪስ ያለውን ፍላሽ የሚፈትሽ ዳኛ ከየት ይመጣል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ፊልም ሠሪው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ደጃፉ በሁላችንም እጅ ስላለ ነው እንጂ። ዛሬ የአገራችን ፊልም ደካማ ነው እያልን የምናማ ሁሉ፣ ለደካማው ያልከፈልን ጠንካራው ከየት ይበቅላል ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቼ «ተማሪ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም ኪሴ ባዶ የሆነ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን አባቴም ያን ጊዜ ኪሳቸው ባዶ ነበር፤ ለአራት ሆነው ለአንድ ካሴት አዋጡ እንጂ 30 አልተመኙም። ከ30 የተሰረቀ ፊልም ይልቅ በወር አንድ ጊዜ በቲኬት የገባንበት ፊልም ይበልጥብናል። ትዕግሥት ያለው ደግሞ ብዙዎቹን የአማርኛ ፊልሞች ባለቤቶቻቸው ራሳቸው በዩቲዩብ ሲያወጧቸው ያለ ክፍያ፣ ያለ ስርቆትም ያያቸዋል።

እንግዲህ ለአባቴ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቴሌቪዥኑ አይውጣ። ነገር ግን እሑድ እሑድ ሁላችንም ተቀምጠን የሳምንቱን ምርጫችንን በወረቀት እንጻፍ፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ይበቃናል፤ ለአባቴም ዜናቸው ይታከልላቸው። ያልተጻፈው አይከፈት። በእራት ሰዓትም ዝም ይበል። ፍላሹን በበኩሌ ባዶ አድርጌ የክፍል ማስታወሻ ይዤበታለሁ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በወር አንድ ቀን ባለቤቱ የፈቀደውን አንድ ጥሩ የአገራችንን ፊልም በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እንድናይና ከዚያ በኋላ እንድንከራከርበት ቢፈቀድልን፣ መምረጥን በተግባር እንማራለን። እናንተም ጓደኞቼ ሆይ፣ አንድ ሳምንት ብቻ የምታዩትን በደብተራችሁ ጀርባ መዝግቡ፤ ድምሩን ለማንም ማሳየት የለባችሁም።

የአባቴን ፍርድ እጠብቃለሁ። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲመጣ ቀና ብለው ወደ እኔ እንዲመለከቱ ግን ከወዲሁ እየተጋሁ ነው።